ጋሼ አድማሱ እንቢ ያሉ ለት

አቪ የሄደው እሑድ ነው ይላል አስረስ። ጌታሁን ደግሞ አይደለም፣ ሐሙስ ከሰዓት ኳሶቹን ከመኪናው አውርዶ የሰፈሩ ማዕከል፣ የማትናሱ በር ላይ ሲያስቀምጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ ይላል። እኔ ቀኑን አልያዝኩትም። ዓርብ ጠዋት አስቀሎን፣ ዓቲቆት ሰፈር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ያለችው አግዳሚ ወንበራችን ዘንድ ስደርስ ሁለቱ ጡረተኞች የሱፍ ፍሬያቸውን እየፈለፈሉ ክርክሩን አጋግለውት ነበር፤ አሰልጣኛችን ለምን ሄደ፣ ከእንግዲህስ ወዴት ይሄዳል እያሉ። አቪ የሰፈራችን የልጆች ቡድን አሰልጣኝ ነበር። እዚሁ የተወለደ የእኛው ልጅ ነው። አራት ዓመት አሠለጠነ፣ አንድ ዋንጫ አላመጣም፣ እኛም እንደ አገር ቡድን አሰልጣኝ ስንወደውና ስንሰድበው ኖርን። ከዚያ ደህና ሁኑ እንኳ ሳይል ሄደ።

«ከመሀል አገር ትልቅ ክለብ ወስዶታል» ይላል አስረስ። «ለጊዜው ምክትል ነው። ዓመት ሳይሞላው ዋና ካልሆነ አስረስ ውሸታም በሉኝ።»

«ቆጵሮስ ነው የሚሄደው» ይላል ጌታሁን። «አማቱ ለሚስቴ ነግራታለች።»

«ቆጵሮስ ሄዶ ምን ሊያሠለጥን? ፍየል?»

«ፍየል ቢያንስ ትሮጣለች።»

ሦስተኛም ወሬ አለ። ከሚስቱ ወንድም ጋር በየቤቱ እየዞረ የማቀዝቀዣ ማሽን ሊገጥም ነው የሚል። እሱን ወሬ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገረውም፤ እውነት ስለሚመስል ይሆናል። በዚህ መሀል የማትናሱ ኃላፊ ሊአት አለፈች። የጌታሁን የእህት ልጅ ናት፤ ሁልጊዜ ትቸኩላለች።

«ምን ተባለ፣ ልጄ?» አላት።

«ዶድ፣ ኤን ማ ላዓሶት» አለችው ሳትቆም። አጎቴ፣ ምንም ማድረግ አይቻልም ማለቷ ነው። «ዓድ ሀኻጊም አሰልጣኝ ካልተገኘ ቡድኑን ይዘጉታል። ወላጆቹም ልጆቹን እያስወጡ ነው።»

ዓድ ሀኻጊም፣ ማለት እስከ በዓላቱ፣ ሦስት ሳምንት ቀርቶን ነበር። አስረስ ቅርፊቱን ተፋና፣ «ልማዱ ነው» አለ። «ከዚህ ሰፈር የሚሄድ አሰልጣኝ ዞሮ አያይም። ጋሼ አድማሱስ ያኔ እንዴት ሄዱ? ትልቁን ሲያገኙ ትንሹን ረሱ።» የእኔ ሱፍ አፌ ውስጥ ቀረ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገራችን ሰው። እኔ ግን አርባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው አንድ ዝምታ ሆዴ ውስጥ አለ፤ ነቅዟል።

ያን ጊዜ በሱዳን በኩል መጥተን መርካዝ ክሊታ፣ አዲስ መጤ በሚያርፍበት ግቢ፣ አራት አራት ሆነን በአንድ ክፍል እንኖር ነበር። የጀልባ ማረፊያው፣ ማሪናው፣ ገና አልተሠራም። ዛሬ ልጆቻችን ቅዳሜ ማታ ጀልባ እያዩ አይስክሬም የሚልሱበት ቦታ ያኔ ነፋስና ድንጋይ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት የዕርዳታ ልብስ ተሰጠን። እኔ ቁልፉ በግራ በኩል የሆነ ሰማያዊ ካፖርት ደረሰኝና ደስ ብሎኝ ለበስኩት፤ የሴት መሆኑን የነገረኝ ሰው የለም፣ ሁለት ክረምት ለበስኩት። ገንዘቡም ያኔ ሌላ ነበር። ዳቦ በሺህ ይገዛ ነበር፤ ሺህ ሸቀል ይዞ ሱቅ መግባት ለእኛ ሀብታም መሆን ነው፣ ስንወጣ ግን አንድ ዳቦና አንድ እርጎ ነው የያዝነው። በኋላ ዜሮዎቹን ቆረጡለትና ሁላችንም በአንድ ሌሊት ደኸየን እያልን ሳቅን። በማዕዘኗ ላይ ፈላፈል የሚሸጥ አንድ የሞሮኮ ሰው ነበር፤ ግማሹን ዋጋ ከፍሎ ግማሽ ፒታ ዳቦ መብላት ይቻል ነበር፣ ሰላጣውን ደግሞ እንደ ፍላጎት ይጨምራል። እኔና አስረስ ግማሽ ፒታ ገዝተን ሰላጣውን ሦስት ጊዜ እንሞላዋለን። ዛሬ በዚያች ማዕዘን ላይ የስልክ ሽፋን ይሸጣል።

ሜዳችን ከግቢው በስተጀርባ ያለ አሸዋ ነው። የጎሉን ብረት ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ቧንቧ አቆምን፤ መረቡን ዓሣ አጥማጆች ጣሉት፣ እኛ አነሳነው። በዚህ ምክንያት በረኛችን አስረስ አንድ ዓመት ሙሉ ዓሣ ዓሣ ሸተተ፤ ሠርግ ላይ ከእሱ ፊት ለፊት እስክስታ የሚወርድ አልተገኘም። ስድስት ድንጋይ የሚጎርስ ቴፕ ነበረን። ልምምድ ከመጀመራችን በፊት በሱዳን ዞሮ የመጣ፣ መሀሉ የሚንቋቋ አንድ ካሴት ይከፈታል፤ ዘፋኙ ስለ ጣና ሲያዜም ሁላችንም ሸራ ጫማችንን ቀስ ብለን እናስራለን፣ እስኪጨርስ። ያቺን ዜማ ዛሬ ስሰማት እግሬ ክር ይፈልጋል።

አሰልጣኛችን ጋሼ አድማሱ ነበሩ። ጎንደር ከተማ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፤ ከእኛ ከትልቁ በአሥር ዓመት ይበልጣሉ። ፊሽካቸውን ከጎንደር ሱዳን፣ ከሱዳን አስቀሎን ይዘዋት መጥተዋል። በጉዞው ላይ ድምፅ እንዳታሰማ ውስጧ ያለችውን ፍሬ አውጥተው ጣሏት፤ እዚህ ሲደርሱ በምትኳ ሽምብራ ከተቱባት። በደረቅ ቀን ከማንም ፊሽካ የበለጠች ናት፤ ዝናብ ሲመጣ ሽምብራዋ ታብጥና ጋሼ ጉንጫቸውን ነፍተው ይቀራሉ። ያኔ በእጃቸው ያጨበጭባሉ። ሰው አይሰድቡም። ስናጠፋ «እንዲህ ነው እንዴ ልጄ?» ብቻ ይሉናል፤ ያ ከስድብ ይብሳል። እኔ የግራ ክንፍ ነበርኩ፤ አባቴ መንገድ ላይ ቀርቶብኝ ስለነበር እሳቸውን በማን ቦታ እንዳስቀመጥኳቸው መናገር አያስፈልገኝም።

አንድ ቀን የከተማውን የወጣቶች ቡድን በወዳጅነት ጨዋታ ገጠምነው፣ ሦስት ለአንድ ረታነው። በሳምንቱ ጋሼ ከስፖርት ቢሮ ተጠሩ። ኡልፓን፣ በቋንቋ ትምህርት ቤቱ፣ ዕብራይስጡ ቶሎ የገባኝ እኔ ስለሆንኩ፣ በዚህም አፍንጫዬን ሰማይ ሰቅዬ ስለምሄድ፣ አስተርጓሚ ሆኜ አብሬ ሄድኩ። ጋሼ ቡናማ ኮታቸውን ለብሰዋል። ሱሪያቸውን ፍራሽ ስር አሳድረው ካውያ የገባ አስመስለውታል። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ሽሙኤል የሚባል ራሰ በራ ሰው፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ፣ ሻይ በብርጭቆ አቀረበልንና በቀጥታ ተናገረ። የከተማውን ወጣቶች ያሠልጥኑልን፤ ኮርስ እናስገባቸዋለን፣ ደመወዝ አለው፣ ከመጪው ወር ይጀምሩ አለ። እኔ ተረጎምኩ። ጋሼ ብርጭቆውን አስቀመጡ፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣል አደረጉና «እኔ ለዚህ አልበቃም። ከእኔ የሚሻል ይኖራል» አሉ።

የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ለሹመትም ለምሳም በመጀመሪያው ጥሪ እሺ የሚል ሰው ባለጌ ነው። የመጀመሪያው እንቢታ የይሉኝታ ነው፣ ሁለተኛው የማመንታት ነው፣ ሰውየው የልቡን የሚናገረው በሦስተኛው ነው። ለማኙም ቢሆን ሦስቴ ካልለመነ አልፈለገኝም ይባላል። ሽሙኤል ይህን ከየት ይወቀው? ወደ እኔ ዞሮ «ማ ሁ ኦሜር?» አለኝ። ምን አለ ማለቱ ነው። ደንባችን ነው፣ አንዴ ድገመው፣ ሁለቴ ድገመው ልለው እችል ነበር። ቃላቱ ሁሉ ነበሩኝ። ግን በዚያች ቅጽበት ሜዳችን በዓይኔ መጣ፤ ያቺ ሽምብራ የጎረሰች ፊሽካ ለሌሎች ልጆች ስትነፋ ሰማሁ። «ሎ ሮጼ» አልኩት። አይፈልግም።

«ኻቫል» አለ ሽሙኤል። ያሳዝናል። ማኅደሩን ዘጋ፣ ተነሣና እጁን ዘረጋ። ጋሼ በሁለት እጃቸው ጨበጡት፣ ጎንበስ አሉለት። አውቶቡስ ላይ ከጎኔ ተቀምጠው ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ይጠሩናል እንግዲህ» አሉኝ። «ይጠሩናል ጋሼ» አልኩ። በማግስቱ ልምምድ ላይ ከከተማው እንደተጠሩ ነገሩን። ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ለአስረስ ሰጡት፣ መረቁን፣ እኛም በትከሻችን ተሸክመን ሜዳውን አዞርናቸው። እኔም ተሸክሜያለሁ። የግራ እግራቸው በእኔ ትከሻ ላይ ነበር።

ስልክ የነበረው በግቢው በር፣ በዘበኛው ክፍል ነው። አንድ ቀን ራሴን አሞኝ ከኡልፓን ቀድሜ ስመለስ ከዘበኛው ክፍል ፊት ባለችው ወንበር ላይ አየኋቸው። ቡናማ ኮታቸውን በዚያ ሙቀት ለብሰዋል፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። እንደማያዩኝ ሆኜ በአጥሩ በኩል ዞርኩ። በኪሴ አንድ አሲሞን ነበረኝ፤ ያኔ የመንገድ ስልክ የሚደወልበት መሀሉ የተበሳ ቁራጭ ብረት። በዚያች በአንዷ ሽሙኤልን ደውዬ ማነጋገር እችል ነበር። ስንት ቀን እንደጠበቁ አላውቅም። ከተማው ሌላ ሰው ቀጠረ። ተመርቆ፣ በትከሻ ዞሮ የተሸኘ ሰው ደግሞ ተመልሶ ፊሽካዬን ስጡኝ አይልም። አንድ ጠዋት ክፍላቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ክርክሩ የዚያን ጊዜ ጀመረ። ትልቅ ክለብ ሄደዋል አለ ግማሹ፤ አይ፣ ሰሜን ናቸው አለ ሌላው። በኋላ ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ መሥራታቸው ሲሰማ ደግሞ፣ ትልቁ ክለብ አባረራቸውና አፍረው ነው ተባለ። ከተማው ትንሽ ነው፤ በሠርግም በለቅሶም እንገናኛለን፣ ትከሻ ለትከሻ እንሳሳማለን። ግን እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት የሚጠይቅ የለም፤ ይሉኝታ አለ። ልጅ ወልጄ፣ ሠላሳ ዓመት በጭነት መኪና ዕቃ አመላልሼ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ በዚህች ወንበር ላይ ስማቸው በተነሣ ቁጥር ሱፍ ስፈለፍል ኖርኩ። የእኛንም ቡድን ዕድሜ አልሰጠው፤ በዓመቱ ተበተንን። እንዲቀሩልኝ ብዬ የዋሸሁባቸው ሰው ለማንም ሳይሆኑ ቀሩ።

እና ዓርብ ለት፣ አስረስ ያን ካለ በኋላ፣ «ለምን ጋሼ አድማሱን አንለምናቸውም?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔው ነበር።

«ሰማንያ ሊሞላቸው ነው» አለ ጌታሁን።

«ይቀመጡልን። የሚያሯሩጥ ጎረምሳ አይጠፋም። ስማቸው ካለ የእኛ ሰዎች ልጆቻቸውን ይመልሳሉ።»

አስረስ ትንሽ አጉረመረመ። ከዚያ ቤቱ ገባና በጥጥ የተጠቀለለች ፊሽካ ይዞልኝ ወጣ። አርባ ዓመት ሙሉ አስቀምጧታል። «ስጣቸው» አለኝ። «ትተውን ቢሄዱም።»

ጋሼ ያሉበት ባርኔአ ሰፈር በአውቶቡስ ሩቅ አይደለም። ለእኔ ግን ከሄድኩበት ሁሉ ሩቅ መንገድ ሆኖብኝ ነበር። ከልጃቸው ከዝናሽ ጋር ነው የሚኖሩት፤ በር ከፍታ በረንዳ ላይ ናቸው አለችኝ። ባሕሩ በሁለት ሕንፃ መሀል በቀጭኑ ይታያል። ጋሼ ከስተዋል፤ እጃቸው ግን አሁንም ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ታከለ።»

«ጉዳዬ ካልተሰማ አልቀመጥም።»

ሳቅ አሉ። «ለብቻህ ሽማግሌ ሆነህ መጣህ? በል ተናገር።»

ቆሜ ነገርኳቸው። የአቪን መሄድ፣ የቡድኑን መዘጋት፣ ሦስት ሳምንት እንደቀረን። ፊሽካዋን በእጃቸው አስቀመጥኩ። ተቀብለው አገላበጧት።

«ከእኔ የሚሻል ይኖራል» አሉ።

ቃሉ ያው የዱሮው ነው። ይህ የመጀመሪያው ነው፣ የይሉኝታው ነው አልኩ በሆዴ። «ጋሼ፣ የሚሻል ቢኖር እዚህ አልቆምም ነበር።»

«ጉልበቴን እየው። ከአልጋዬ እስከዚህች በረንዳ ነው ሜዳዬ።»

ይህ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛውን ከመለመኔ በፊት ግን መናገር ነበረብኝ፤ ሳልናገር ብለምናቸው እሺ ቢሉኝም የተሰረቀ እሺታ ይሆንብኛል። ተናገርኩ። ሽሙኤል ምን እንደጠየቀኝ፣ ምን እንደመለስኩ፣ ለምን እንደመለስኩ። በኪሴ ስለነበረችው አሲሞንም ተናገርኩ። እስክጨርስ ድረስ ባሕሩን ያዩ ነበር።

«ታከለ» አሉ። «ሮጼ፣ ሎ ሮጼ። እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም። ኡልፓን በገባን በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያስተማሩን። አጠገቤ ተቀምጠህ ነው የተማርከው።»

«ሰምተውኝ ነበር?»

«ሰማሁህ እንጂ። በሰው ፊት አስተርጓሚዬን ዋሸ ልበል? አውቶቡስ ላይ ይጠሩናል ያልኩህ፣ ያኔ ትናገራለህ ብዬ ነው። ፊሽካዬን ለልጆቹ ሳስረክብም ዓይንህን ነበር የማየው። ይሄ ልጅ አያሳድረውም፣ ነገ ሄዶ ያቃናዋል አልኩ።» ፊሽካዋን በጣታቸው አሻሹ። «ዘበኛው ቤት ፊት የጠበቅሁት ሽሙኤልን አይደለም። አንተን ነው። በአጥሩ ዞረህ ስትሄድ አየሁህ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በትከሻዬ ያዙኝ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ይቅር ካልኩህ ቆየ» አሉኝ። «አሁን የምትለምነው ያ የዱሮው ሰውዬ ነው የሌለው።»

ግን ደንብ ደንብ ነው። እንባዬን ጠረግሁና «ጋሼ፣ ሦስተኛዬ ነው። ይምጡልን» አልኩ።

«አልመጣም» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፣ ኩራትም አልነበረበትም። ፊሽካዋን ጆሯቸው ዘንድ ነቀነቋት። ሽምብራዋ ዱቄት ሆና አልቃለች፤ ድምፅ የለም። መለሱልኝ። «ጉዳይህ ተሰምቷል። እንግዲህ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ዝናሽ ሻይ አመጣች። ስለ ጉልበት መድኃኒት አወራን፣ ስለ ዝናብ አወራን፣ ሄድኩ።

አስረስና ጌታሁን ከወንበራቸው አልተነሡም ነበር። «ምን አሉ?» አለኝ አስረስ፣ ገና ከሩቅ።

«አልፈልግም አሉ።»

«አሃ፣ የመጀመሪያው ነዋ» አለ ጌታሁን። «ነገ ተመለስ።»

«ሦስቴ ለምኛቸዋለሁ። ሦስቴም እንቢ ብለዋል።»

አስረስ ፊሽካዋን ከእጄ ወሰደ። «ያውልህ። ያኔም ንቀውን ነው የሄዱ፣ ዛሬም ንቀውን ነው» አለ። ያን ጊዜ እዚያው እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከቢሮው እስከ አጥሩ። አስረስ ፊሽካዋን በመዳፉ እንደያዛት ሰማኝ። አርባ ዓመት በከንቱ ሲሰድባቸው እንደኖረ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁ፤ ያየሁት ነገር ለእኔም ለእሱም የሚበጅ አልነበረም። ጌታሁን የፈለፈለውን ሱፍ በወረቀት ላይ ይሰበስብ ጀመር። በማትናሱ በኩል የኳሶቹ መጋዘን በር ተቆልፏል።

ብዙ ቆይቶ ጌታሁን ወደ አስረስ ዞረና፣ «እኔ ግን እልሃለሁ፣ አቪ ቆጵሮስ ነው የሚሄደው» አለ።

«አይሄድም» አለ አስረስ በቀጭን ድምፅ። «ማቀዝቀዣ ነው የሚገጥመው።»

በሁለቱ መሀል ሁልጊዜ የምቀመጥበት ቦታ ባዶውን ነበር። የእኛ ሰው ጠላቱን እንኳ ቆሞ አያየውም፣ ተቀመጥ ይለዋል። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። ተቀመጥ ያለኝ የለም።